«ተሳካልኝ»ን በእንግሊዝኛ ማለት፦ ስለ ስኬት እያነበቡ ቃላት የመያዝ መመሪያ

ከዓመታት በፊት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቼ በእንግሊዝኛ «እስካሁን ከሠራኸው የምትኮራበት አቺቭመንት ምንድን ነው?» ተባልኩ። አቺቭመንትን አውቃታለሁ። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሬ ላይ «አቺቭመንት = ስኬት» ተብላ ተጽፋለች፤ በቀይ እስክሪብቶም ተሰምሮባታል። ቀን እየሠራሁ ማታ ተምሬ መመረቄን ልነግራቸው ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ኢት ኢዝ ሰክሲድድ ፎር ሚ» ነበር። ጠያቂዎቹ ተያዩ። አንደኛዋ በትሕትና «ምኑ?» አለችኝ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ያልኩት «ተሳክቶልኛል»ን ቃል በቃል ገልብጬ ነው። በአማርኛ የሚሳካው ነገሩ ነው፤ ሰውየው «ልኝ» ወይም «ለት» ሆኖ ከግሱ ጭራ ላይ ይንጠለጠላል። ተሳካልኝ፣ ሰመረላት፣ ተዋጣለት፣ ቀናቸው እንላለን። እንግሊዝኛው ደግሞ ሰውየውን ከፊት ያቆመዋል፤ «ሰክሲድ» የሚያደርገው ራሱ ሰውየው ነው። ስለዚህ ቃሉን ከነትርጉሙ ብቻ የሸመደደ ሰው ዓረፍተ ነገር ሊሠራ ሲነሳ ይደናቀፋል። እኔም ቃሉን ሳላጣው ነው የተደናቀፍኩት።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ለራሴ፣ ኋላም ማታ ማታ ለማስጠናቸው ልጆች የተጠቀምኩበት አካሄድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ ከጠንከር ያለ ወረቀት የተቆራረጡ 40 ያህል ትናንሽ ካርዶች፣ እርሳስ፣ በቀን 25 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 4 ሳምንት ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ድምፃቸው እንዲሰማችሁ ነው፤ ደብተራችሁ ላይ በራሳቸው ፊደል አስፍሯቸው።

1. ታሪኩን የምታውቁትን ጽሑፍ ምረጡ

ብዙ ሰው የማያውቀውን ታሪክ በማያውቀው ቋንቋ ሊያነብ ይነሳና በሁለተኛው አንቀጽ ይተኛል። እናንተ አበበ ቢቂላን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ እንደገና አሸነፈ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጽሑፉ ውስጥ «ቤርፉት» የምትል ቃል ሲያይ መዝገበ ቃላት መክፈት አያስፈልገውም፤ ታሪኩ ራሱ «ባዶ እግሩን» ብሎ ይነግረዋል። ቃሉም በዚያው አይረሳም።

ለጀማሪ በቀለለ እንግሊዝኛ የሚጻፈው ሲምፕል ኢንግሊሽ ዊኪፒዲያ ጥሩ ነው። ከ200 እስከ 300 ቃላት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ውሰዱ። ስልክ ላይ ማንበብ ካታከታችሁ ኮፒ ቤት አሳትሙት፤ ወረቀት ላይ እርሳስ ማሳረፍ ይቻላል፣ የስልክ መልእክትም ከላይ ብቅ አይልም። ጽሑፉ ከብዷችሁ እንደሆነ ለመለካት አንድ ገጽ እያነበባችሁ የማታውቁት ቃል ባጋጠማችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ ጽሑፉን ለሌላ ጊዜ አስቀምጡት።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆናችሁ በ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ፓሴጆች ጀምሩ ስላችሁ እንደምትቀየሙኝ አውቃለሁ። ግን ጀምሩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው የመጣባችሁ፤ ያኔ እየዘለላችሁ ያለፋችሁት ቃል ዛሬም እዚያው ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው።

አዲስ አበባ ሆኖ መቀመጫ ለሚቸግረው መሀል ከተማ አማራጭ አያጣም። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የቆየውን ድባብ የሚወድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ይሂድ። መታወቂያ ያዙ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡትን ጎብኙ፣ ዋጋ ለመከራከርም አትፈሩ። እዚያ ስለ ስኬት የተጻፉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንደ ጤፍ ክምር ተደርድረው ታገኛላችሁ። ሀብታም ያደርጋሉ ብዬ አልምልም፤ ለቋንቋ ተማሪ ግን አንድ ጥቅም አላቸው፦ ያንኑ 50 ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ ይደጋግሙታል። ሌላውን አንባቢ የሚያሰለቸው ድግግሞሽ ለእናንተ ነፃ ክለሳ ነው።

2. አንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቡ

በመጀመሪያው ንባብ እርሳስም መዝገበ ቃላትም አትንኩ። ከላይ እስከ ታች ሄዳችሁ ወረቀቱን ገልብጡና በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ይሄ ጽሑፍ ስለ እንዲህ ነው» በሉ። ማለት ካቃታችሁ ደግማችሁ አንብቡ፤ አሁንም መዝገበ ቃላት የለም።

ሁለተኛው ንባብ በእርሳስ ነው። 7 ቃላት ብቻ አስምሩ። ሃያ የማታውቁት ቢኖርም ሰባት። የተቀሩት ያለ እነሱ ታሪኩ የሚገባችሁ ናቸው፤ እለፏቸው። ከዚያ መዝገበ ቃላት ከመክፈታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ትርጉም ገምታችሁ ከጎኑ በአማርኛ ጻፉ። ተሳስታችሁም ቢሆን ጻፉ፤ የራሱን ግምት ያረመ ሰው ቃሉን በቀላሉ አይረሳውም።

ግምት ከባዶ አይነሳም። የዓረፍተ ነገሩን መጋጠሚያዎች ተመልከቱ፤ «በት» (ግን)፣ «ኦልዞ» (ምንም እንኳ)፣ «ዲስፓይት» ያሉበት ቦታ ሁለት ተቃራኒ ነገር አለ ማለት ነው። ስለ ደራርቱ ቱሉ ስታነቡ «ዲስፓይት ዚስ ሴትባክ፣ ሺ ዲድ ኖት ጊቭ አፕ» የሚል አጋጠማችሁ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች፣ በ1996 አትላንታ 4ኛ ወጣች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ተመልሳ ወርቁን ወሰደች። እንግዲህ «ዲስፓይት» የ«ቢሆንም» ዘመድ ናት፣ «ጊቭ አፕ» ደግሞ እጅ መስጠት። መሀል የቀረችው «ሴትባክ» ምን ልትሆን ትችላለች? አትላንታ ናት። ወደ ኋላ የመለሳት ነገር። ቃሉንም ብትሰነጥቁት «ባክ» ኋላ ነው።

ሦስተኛው ንባብ ድምፅ እያሰሙ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ይስቅብኛል የሚል መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያንብብ፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው።

3. ቃሉን ከነቤተሰቡ አስፍሩ

በዚህ ርዕስ ሁሉንም የሚጎትተው «ሰክሲድ» ነው። አራት ሆኖ ይመጣል፦ ግሱ «ሰክሲድ»፣ ስሙ «ሰክሰስ»፣ ቅጽሉ «ሰክሰስፉል»፣ ተውሳከ ግሱ «ሰክሰስፉሊ»። «ሺ ኢዝ ሰክሰስ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ስሙን በቅጽሉ ቦታ ከማስቀመጥ ነው፤ «ሺ ኢዝ ሰክሰስፉል» ነው የሚባለው። በሌላ በኩል አንድ ዝግጅት ሲያምር «ዘ ኢቬንት ዋዝ ኤ ሰክሰስ» ይባላል፤ ፊት ለፊቱ ያለችው «ኤ» አትዘለል። ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን በምልክት ያሳያል፤ ያችን ምልክት የማየት ልማድ ያዙ።

«ሰክሰስ» ሲጻፍ መሀሉ ላይ ሁለት «ሲ»፣ መጨረሻው ላይ ሁለት «ኤስ» አለ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንዱ «ሲ» ነው፤ ግን አንብቡትና አዳምጡ፦ የፊተኛው «ሲ» እንደ ክ፣ የኋለኛው እንደ ስ ይጮኻል። «ሰክ-ሰስ»። አንዱን ከጣላችሁ «ክ» ከየት ይመጣል? «አክሰፕት» እና «አክሰስ» ላይም እንደዚሁ ነው። «አኮምፕሊሽ» ላይ ግን ከሁለቱ «ሲ» ቀጥሎ የመጣው «ኦ» ስለሆነ ሁለቱም ክ ብቻ ሆነው ቀሩ።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻ ሐሳቡም ተከትሎ መምጣት ነው። ስለዚህ ግሱ እስከ ዛሬ ሁለት ፊት አለው፦ መሳካት እና መተካት። የታሪክ ፓሴጅ ላይ «ኃይለ ሥላሴ ሰክሲድድ ዘውዲቱ ኢን 1930» የሚል ብታዩ ንግሥቲቱን አሳካት ማለት አይደለም፤ ዙፋኗን ወረሰ፣ ተተካ ማለት ነው። ከማስጠናቸው ልጆች አንዱ «ሆስፒታሏን ያሳካላት እሱ ነው ማለት ነው?» ብሎኛል፤ ዘውዲቱ ሆስፒታልን ማለቱ ነበር። ምልክቱ ቀላል ነው። ከግሱ ቀጥሎ «ኢን» እና በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ካለ መሳካት ነው፤ ቀጥሎ ሰው ካለ መተካት ነው። «ሰክሰሰር» ተተኪ፣ «ሰክሰሽን» ውርስ ወይም ተከታታይነት ነው፤ «ሰክሰሲቭ» ደግሞ ተከታታይ እንጂ የተሳካ አይደለም። አበበ ሁለት «ሰክሰሲቭ» የኦሊምፒክ ማራቶኖችን አሸነፈ ሲባል በተከታታይ ሁለቱን ማለት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ሥራ ፈላጊ የሚወድቅበት። እኛ ከተማ «ሰክሰስፉል» ሲባል መኪና የያዘ፣ ቤት የሠራ ሰው ዓይናችን ላይ ይመጣል። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ኦንሊ ሰክሰስፉል አፕሊካንትስ ዊል ቢ ኮንታክትድ» ሲል ግን «የምንደውለው ለተመረጡት ብቻ ነው» ማለቱ ነው። አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ያነብ የነበረ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ያልተደወለለትም ጭምር።

4. ጎረቤቶቹን ለዩ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። ካርዳችሁ ላይ ቃል ብቻውን አይጻፍ፤ ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር ይጻፍ።

«ሰክሲድ ኢን» ብሎ «ኢንግ» ይከተላል፦ «ሺ ሰክሲድድ ኢን ፓሲንግ ዚ ኤግዛም»። «ማኔጅ» ግን «ቱ» ነው የሚፈልገው፦ «ሺ ማኔጅድ ቱ ፓስ»። ሁለቱም «ማለፍ ቻለች» ናቸው፤ ልዩነቱን በአማርኛ አንድ ቃል ይነግረናል፦ «እንደምንም»። «ማኔጅ ቱ» ውስጥ «እንደምንም» ተደብቋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ለእንዲህ ያለው «ማኔጅድ ቱ» የተፈጠረ ይመስላል።

«ፌይል»ን ሁሉም «ወደቀ» ብሎ ይይዛል፤ ለፈተና ልክ ነው። ከኋላው «ቱ» ሲመጣ ግን «ሳይሆን ቀረ» ነው። «ሂ ፌይልድ ቱ አራይቭ» ሲል ሰውየው መንገድ ላይ አልወደቀም፤ ሳይመጣ ቀረ እንጂ።

«አቺቭ» ቀጥሎ ስም ይፈልጋል፦ «አቺቭ ኤ ጎል»፣ «አቺቭ ሰክሰስ»። «አቺቭ ቱ» የሚባል ነገር የለም። ጥረት ማድረግን «ዱ ኤፈርት» አትበሉ፤ «ሜክ አን ኤፈርት» ነው። «ኦቨርካም» (መወጣት) መሰናክል ይከተለዋል። «ፔይ ኦፍ» የምትለዋን ውደዷት፤ «ኸር ሃርድ ወርክ ፔይድ ኦፍ» ማለት ልፋቷ ፍሬ አፈራ ነው፣ ከኛው «ተሳካ» ጋር ሰዋስዋቸው የሚቀራረብ እሷ ናት፤ የሚከፍለው ልፋቱ ነው፣ ሰውየው አይደለም።

ከዚያ «አሸነፈ» አለ። በአማርኛ ሩጫውንም ተቀናቃኙንም እናሸንፋለን፤ አንዱ ቃል ለሁለቱም ይበቃል። እንግሊዝኛ ይነጣጥላል፦ ውድድር፣ ሽልማት፣ ጦርነት «ዊን» ይደረጋል፤ ሰው ወይም ቡድን «ቢት» ወይም «ዲፊት» ይደረጋል። «አይ ዋን ሂም» ስትሉ እንግሊዛዊ ጆሮ ሰውየውን በሎተሪ ያገኛችሁት ይመስለዋል። ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያ በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ «ቪክትሪ» አለ። «ቪክትሪ» የተሸነፈ ወገን ይፈልጋል። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የተሸነፈ አለ፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ግን ማን ተሸነፈ? ያ «ሰክሰስ» ነው፤ ለዓመታት ከለፋችሁበት «አቺቭመንት»። በዚያ ባለፋችሁ ቁጥር ሦስቱን ቃላት ለዩ።

እንዲያውም ስትንቀሳቀሱ ሰሌዳዎችን አንብቡ። ብሔራዊ አጠገብ ያለው ረጅሙ ሕንፃ ባለቤት ንግድ ባንክ በእንግሊዝኛ መፈክሩ «ሬላይ ኦን» (መተማመን) የምትል አለችው። «ሬላይ» ያለ «ኦን» አትቆምም። እኔ ይችን ከክፍል ሳይሆን ከመፈክሩ ነው የተማርኳት።

5. ካርዶቹን አዙሩ

በፊተኛው ገጽ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው የእንግሊዝኛው። «እንደምንም ደረሱ» ከፊት፣ «ዜይ ማኔጅድ ቱ አራይቭ» ከኋላ። ከአማርኛው ተነስታችሁ እንግሊዝኛውን አፋችሁ ላይ አምጡ፣ ከዚያ ብቻ ገልብጡ። ካርዱን ገልብጦ እያዩ «አዎ አውቀዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ራሱን እየፈተነ፣ የሸመደድነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ክለሳውን መጀመሪያ ላይ አቀራርቡት፣ ኋላ አራርቁት፦ ዛሬ ማታ፣ ነገ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በ2 ሳምንት፣ በወሩ። የሳታችሁት ካርድ ወደ «ነገ» ይመለሳል። ለዚህ የተለየ ጊዜ አትፈልጉለት፤ የማታ የታክሲ ሰልፍ ለ10 ካርድ ይበቃል፣ አንዳንድ ቀን ለ40ውም።

ከኤ ጀምሮ መዝገበ ቃላት የሚሸመድድ ጓደኛ አለኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይጀምራል፣ ጥቅምት ላይ ይተዋል፤ «አባንደን»ን፣ መተውን፣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ።

6. ጥያቄውን ራሳችሁ አውጡ

ፈተና ያለባችሁ በየጽሑፉ 4 ጥያቄ አውጡ፦ አንድ ስለ ዋናው ሐሳብ፣ አንድ በቀጥታ ስለተጻፈ ነገር፣ አንድ ስላልተጻፈ ግን ስለሚታወቅ ነገር፣ አንድ «እዚህ መስመር ላይ ‹ኢት› የተባለው ምኑ ነው?» የሚል። የቃል ትርጉም ጥያቄ ሲመጣ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በቃሉ ቦታ አስገብታችሁ አንብቡ፤ ከቃሉ ጋር በሌላ ቦታ የሚመሳሰል፣ እዚህ ግን የማይገጥም ምርጫ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀመጣል። «ሰክሲድድ» ከተጠየቀና ቀጥሎ የንግሥት ስም ካለ፣ የቱን እንደምትመርጡ አሁን ታውቃላችሁ።

7. ስለምታውቁት ሰው ጻፉ

በየሳምንቱ መጨረሻ በቅርብ ስለምታውቁት አንድ ሰው 5 ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ታዋቂ ሰው አይሁን። እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ያስተማረች እናት፣ ልብስ ሰፊ፣ የሰፈር መካኒክ ይሁን። መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት፤ «ልጆቿን ማስተማር ተሳካላት» ይላል አእምሯችሁ። እዚህ ቁሙ። «ላት»ን ከጭራው አውጡና ወደ ፊት አምጧት፤ እሷ ባለቤት ትሁን፦ «ሺ ሰክሲድድ ኢን ኢጁኬቲንግ ኸር ችልድረን»። ችግሩን ማሳየት ከፈለጋችሁ «ማኔጅድ ቱ ኢጁኬት»። ልፋቱን ማሳየት ከፈለጋችሁ «ኸር ሃርድ ወርክ ፔይድ ኦፍ»። አምስቱን ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ በኋላ ግሶቹን ብቻ ክበቡና እያንዳንዱን «ማነው ያደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ኢት» ከሆነና «ኢት» ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ አማርኛው ሾልኮ ገብቷል።

በአራተኛው ሳምንት ስለራሳችሁ ጻፉና ጮክ ብላችሁ ለአንድ ሰው ንገሩት፤ ታላቅ ወንድም፣ ጓደኛ፣ ካልተገኘ መስታወት። ቃለ መጠይቅ ላይ የምትመጣውን ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃችሁ። የእኔ መልስ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይሄ ነው፦ «አይ ማኔጅድ ቱ ፊኒሽ ኮሌጅ ኋይል ወርኪንግ ፉል ታይም»።